አሥር ሊፕስቲክና አንድ ውል፦ የቦቢ ብራውን ጉዳይ

ሜካፕ ጥሩ የሚሠራ ሰው "ከእንግዲህ ራሴን ችዬ ልሥራ" ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጽፈው የዕቃ ዝርዝር ነው። ብራሽ፣ ፋውንዴሽን (ፊት ላይ የሚቀባው የቆዳ መልክ ያለው መደብ)፣ ፓሌት (የቀለሞች ሣጥን)፣ መብራት፣ ሻንጣ። ቀጥሎ ዋጋ ይተምናል። ከዚያ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይከፍታል። በቃ፣ እቅድ ተባለ።

ዝርዝሩ ምንም አይከፋም። ግን ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎችን ይዘላል። ሰው እኔን በምን ያውቀኛል? ከሥራ ሰዓቴ ሌላስ ምን እሸጣለሁ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመርመር ከቦቢ ብራውን ታሪክ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ዛሬ ስሟ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቅ የመዋቢያ ብራንድ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከብራንዱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከ1980 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኒውዮርክ ውስጥ ሻንጣዋን ተሸክማ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ የምትዞር ፍሪላንስ፣ ማለትም ሳትቀጠር በየሥራው የምትከፈል፣ ሜካፕ አርቲስት ነበረች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ብራውን ቢዝነሷን የሠራችው ሊፕስቲክ በሸጠችበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ከኋላ የመጣውን ገንዘብ ብቻ የሚያይ ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1995 የፈረመችው ውል አለ። እሱም ለማንኛውም ትንሽ አርቲስት የሚጠቅም ነገር አለው። ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ከእናቷ ጥያቄ እስከ ስልክ ማውጫው

ብራውን የተወለደችው በ1957 ነው፣ ያደገችውም ቺካጎ አካባቢ። ኮሌጅ ገብታ ትምህርቱ አልጥም አላት። ለእናቷም "ላቋርጥ ነው" አለቻት። እናትየው አልተቆጣችም። ይልቅ ጥያቄ ጠየቀቻት። "በሕይወቴ ምን ልሁን የሚለውን ለጊዜው ተይው፤ ዛሬ ልደትሽ ቢሆንና የፈለግሽውን ማድረግ ብትችይ ምን ታደርጊያለሽ?" የሚል ነበር ሐሳቡ። ልጅቷም ትልቅ መደብር ሄዳ በሜካፕ መጫወት እንደምትፈልግ መለሰች። ይህን ታሪክ ራሷ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ደጋግማ አውርታዋለች።

ከዚያ ቦስተን የሚገኘው ኤመርሰን ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ የራሷን የትምህርት መስመር እንድታዋቅር ፈቀደላት። በ1979 በቲያትር ሜካፕ ተመረቀች። እዚህ ላይ ትንሽ የሚያስገርም ነገር አለ። የቲያትር ሜካፕ ሰውን ማስረጀት፣ ቁስል መሥራት፣ ከሩቅ የሚታይ ፊት መፍጠር ነው። እሷ ደግሞ በኋላ የታወቀችው "ምንም ያልተቀባ የሚመስል" ፊት በመሥራት ነው። ቲያትሩ ግን የጠቀማት ይመስለኛል። ብርሃንና ርቀት ፊትን እንዴት እንደሚቀይሩ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል።

በ1980 ኒውዮርክ ገባች። የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ያደረገችው ነገር በጣም ቀላል ነው። ያንን ቢጫ ገጽ የሚባለውን ወፍራም የስልክ ማውጫ ከፍታ "ሜካፕ"፣ "ሞዴል" በሚሉት ርዕሶች ሥር ያሉትን ቁጥሮች እየፈለገች ደወለች። ዛሬ ኢንቦክስ መጻፍ ከምንለው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ያኔ አንዱ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ሊዘጋው መቻሉ ነው።

በዚያ ሙያ አዲስ የገባ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ "ቴስት" የሚባል ሥራ አለ። ፎቶግራፈሩ፣ ሞዴሏ፣ ሜካፕ አርቲስቷና ስታይሊስቷ ተሰባስበው ማንም ለማንም ሳይከፍል ፎቶ ያነሳሉ። ሁሉም ለፖርትፎሊዮው የሚሆን ምስል ይዞ ይሄዳል። ያኔ ፖርትፎሊዮ ማለት በእጅ የሚያዝ ትልቅ አልበም ነበር። መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ካለ ገጹ ተቀዶ እዚያ ውስጥ ይገባል። አልበሙ ሥራ ከሚያገናኝ ኤጀንሲ ወደ ሌላው ኤጀንሲ ይዞራል። ብራውንም እንዲህ እንዲህ እያለች ከዓመታት በኋላ ቮግን ለመሳሰሉ መጽሔቶች መሥራት ጀመረች። ከዓመታት በኋላ የምትለዋ ሐረግ ትሰመርባት። ዛሬ አንድ ዓመት ሠርቶ "ገበያው አልተቀበለኝም" የሚል አርቲስት ብዙ ነው።

የ100 ቀን ስንት ይቀራል?

ብራውን በእነዚያ ዓመታት ስንት እንዳገኘች ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የሥራው የገንዘብ አሠራር ግን የትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ለምን ወደ ሸቀጥ እንደሄደች ለመረዳትም እሱን ማየት የግድ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቁጠር።

የአንድ ቀን ክፍያዋ 100 ነው እንበል፤ ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን። ኤጀንሲ ያላት አርቲስት ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ 20 ያህሉ ለኤጀንሲው ይሄዳል። 80 ቀረ። ከዚያ ዕቃ አለ። በባለሙያ ሻንጣ ውስጥ ያለ ነገር ቤት እንዳለ ሜካፕ ዓመት አይቆይም። ማስካራ ለእያንዳንዱ ሰው በሚጣል ብራሽ ነው የሚቀባው፤ ከተከፈተ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላውም ይጣላል። ሊፕስቲክ ከቱቦው በቀጥታ ከንፈር ላይ አይገባም፤ በትንሽ ማንኪያ ተፍቆ በብራሽ ይቀባል። ስፖንጅ፣ ሶፍት፣ አልኮል፣ የብራሽ ማጠቢያ ሁሉም ወጪ ነው። ለዚህ 10 እንተው። ለመጓጓዣና ለስልክ 5። አሁን 65 ላይ ነን። ግብር ገና አልተነሳም።

ቀኑንም እንቁጠር። በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ ማግኘት ለፍሪላንሰር ደህና ሳምንት ነው። የቀሩት ቀኖች ግን ዕረፍት አይደሉም። ብራሽ ይታጠባል፣ ለደንበኛ መልስ ይሰጣል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ይጠየቃል። ስለዚህ የሦስቱን ቀን ገቢ፣ ማለትም 195፣ ለአምስት የሥራ ቀን እናካፍለው። 39 ይመጣል። የ"100 ቀን" የምትለው አርቲስት በእውነቱ የ39 ቀን ነው የምትሠራው። ይህን ቁጥር ሳያውቅ ቅናሽ የሚያደርግ ሰው ከየት ላይ እየቀነሰ እንደሆነ አያውቅም።

ገንዘቡ የሚገባበት ጊዜም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጽሔቶችና ድርጅቶች ሥራው ካለቀ በ30፣ በ60፣ አንዳንዴም በ90 ቀን ነው የሚከፍሉት። ፎቶው ተነስቶ፣ ታትሞ፣ ሰው አይቶት "ወይ ጉድ፣ በጣም ያምራል!" ብሎ ገንዘቡ ገና አልገባም። የሙሽራ ሥራ በተቃራኒው ነው። ቀብድ አስቀድሞ ይመጣል፤ ቀሪው በዕለቱ ወይም ከዚያ በፊት ይከፈላል። መጽሔት ስም ይሰጣል፤ ስምሽ ከገጹ ሥር ይታተማል፣ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። ማስታወቂያና ካታሎግ ደህና ይከፍላል፤ ስምሽን ግን ማንም አያየውም። ሠርግ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል። እቅድ የሚያወጣ ሰው የትኛው ሥራ ለስሙ፣ የትኛው ለኪራዩ እንደሆነ ለይቶ መጻፍ አለበት። ሁሉንም "ሥራ" ብሎ አንድ ላይ ካስቀመጠው ወሩ ሲያልቅ ለምን ባዶ ኪሱን እንደቀረ አይገባውም። ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በእጅ ሳይኖር ከቅጥር መውጣትም በድርጅቶች የክፍያ ቀን ላይ ሕይወትን ማንጠልጠል ነው።

ከሁሉ በላይ ጣሪያው አለ። አርቲስቷ ያላት ሁለት እጅ ነው፤ በአንድ ጊዜ የምትሠራው አንድ ፊት ነው። አንዲት ሙሽራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አምስት ሚዜዎች እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ቢወስዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ሞላ። ጠዋቱ አለቀ። ያንን ቀን ምንም ዓይነት ብልጠት አያረዝመውም። መውጫው ሦስት ነው፦ ዋጋ መጨመር፣ ረዳት መያዝ፣ ወይም ሰዓት ያልሆነ ነገር መሸጥ። ብራውን ሦስተኛውን መረጠች። የመረጠችበት ጊዜም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1988 አገባች። በ1990 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ኑሮዋም ከኒውዮርክ ወጣ ብላ በምትገኘው የኒው ጀርሲዋ ሞንትክሌር ነበር። ሕፃን ያላት እናት ንጋት ላይ ስቱዲዮ ልድረስ ብትል ሰዓቷ እንደ በፊቱ አይታዘዝላትም።

አንድ ዓይነት ፊት

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ በምን ታወቀች?

የ1980ዎቹን ፎቶዎች አይታችሁ ከሆነ ሜካፑ ትዝ ይላችኋል። ጉንጭ ላይ በጉልህ የተሰመረ ጥላ፣ ደማቅ ከንፈር፣ ከፊቱ ቆዳ ጋር የማይገናኝ ፋውንዴሽን። የዚያን ጊዜ ፋውንዴሽኖች ብዙዎቹ ወደ ሮዝ የሚያደሉ ነበሩ። የብዙ ሰው ቆዳ ግን ከውስጡ ቢጫ መሠረት አለው። ሮዙ ቢጫው ላይ ሲያርፍ ፊቱ ጭንብል ይሆናል፤ አንገቱ ሌላ፣ ፊቱ ሌላ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዛሬም ቀለሙን እጅ ላይ ሳይሆን መንጋጋ ጠርዝ ላይ የሚሞክረው ለዚህ ነው።

ብራውን ይህ ፊት አልተመቻትም። ቆዳ ቆዳ እንዲመስል፣ ከንፈርም ከንፈር እንዲመስል ፈለገች። የምትፈልገው ቀለም ሱቅ ውስጥ ስላልነበረ እያደባለቀች ትሠራ ነበር። በጊዜው ይህ የሚያዋጣ ምርጫ አልነበረም። ገበያው ደማቁን ነበር የሚፈልገው። እሷ ግን ያንኑ ቀጠለች። ፋሽኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቀላሉና ወደ ተፈጥሯዊው ሲዞር ስሟ ከዚያ ፊት ጋር ተያይዞ ተገኘ።

"ሁሉንም እሠራለሁ" የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው። የሙሽራ፣ የፎቶ፣ የፊልም፣ የምረቃ፣ የፓርቲ፣ የልዩ ውጤት ሜካፕ... ጀማሪ ሥራ ላለማጣት ሲል ሁሉንም ይደረድራል። ይገባኛል፤ የሚራብ ሰው አይመርጥም። ሠርቶ መብላት አንድ ነገር ነው፣ የሚያሳዩት ግን ሌላ። የመጣውን ሁሉ መሥራት ይቻላል። ፖርትፎሊዮው ላይ የሚወጣው ግን አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ደንበኛ ለጓደኛዋ ስትናገር "ሜካፕ የምትሠራ ልጅ አውቃለሁ" ሳይሆን "ቆዳን እንዲህ የምታሳምር ልጅ አውቃለሁ" ትላለች። በዚህ ሙያ ሥራ የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ዓይነቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብራውን ያደባለቀችው ቀለም ሁሉ፣ ሳታውቀው፣ የገበያ ጥናት ነበር። ሻንጣ ይናገራል። ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ነው? አዲስ ሆኖ የሚደርቀውስ? ለየትኛው ደንበኛ ነው ሁልጊዜ ሁለት ነገር የሚቀላቀለው? የቢዝነስ እቅድ ላይ "የገበያ ጥናት" የሚል ርዕስ ሲመጣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ቁጥር ፍለጋ ይሮጣል። ከዚያ ይልቅ የራስን ሻንጣ ለአንድ ወር እየመዘገቡ ማየት የበለጠ ይናገራል ባይ ነኝ።

ሊፕስቲኮቹ

በ1990 ገደማ ነው። ብራውን ለመጽሔት ፎቶ ሥራ ኪልስ ወደሚባለው የኒውዮርክ ፋርማሲ ሄደች። እዚያ አንድ ኬሚስት ተዋወቀች። የምትፈልገውን ሊፕስቲክ ነገረችው፦ የማይሸት፣ ከንፈር የማያደርቅ፣ የማይዝረከረክ፣ ቀለሙ የራስን ከንፈር የሚመስል። ሰውየው "እሠራልሻለሁ" አላት። ይኸው ነው። ፋብሪካ አልተከራየችም፤ በሺህ የሚቆጠር ትዕዛዝም አላዘዘችም።

የገንዘቡ ስምምነት ደግሞ ቅለቱ ደስ ይላል። በኋላ ራሷ እንዳወራችው አንዱ ሊፕስቲክ በ15 ዶላር ይሸጣል፤ ግማሹ፣ ማለትም 7 ዶላር ከ50፣ ለሠሪው፣ ግማሹ ለእሷ። የኤክሴል ሠንጠረዥ የማያስፈልገው ስሌት ነው። ግማሽ ለሠሪ መስጠት ብዙ ይመስላል። በእርግጥም ምርቱ ሲያድግ ይበዛል። መጀመሪያ ላይ ግን ብልህ ነበር። ሸቀጡ ባይሸጥ እዳው በእሷ ላይ ብቻ አይከመርም። ሊፕስቲክ በመሠረቱ ሰም፣ ዘይትና ቀለም ነው፤ አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ቀለም ማወቅ ነው። እሱን ደግሞ እሷ ታውቀዋለች።

ከአንድ ቀለም ወደ አሥር አደገ። አሥሩም ቡናማነት ያለባቸው፣ ከሰው ከንፈር ብዙም የማይርቁ ናቸው። ስማቸውም ቀለማቸው ነው፦ ቡናማ፣ ቤዥ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ዘቢብ... ሴቷ እያደባለቀች የፈለገችውን ታወጣለች የሚል ሐሳብ ነበራት። ጓደኛዋ ሮዛሊንድ ላንዲስና ባሏ በሽርክና ገቡ። እነሱና ብራውን ከባሏ ጋር በድምሩ 10,000 ዶላር አዋጡ። ሽያጩ የተጀመረው ከቤት ነው። ግላመር መጽሔት ላይ የምትሠራ አንዲት የምታውቃት ሰው ስለ ሊፕስቲኮቹ ጻፈችላት። ትዕዛዝ መጣ። በፖስታ ላኩ።

ያ ጽሑፍ ከየት መጣ? ብራውን ለመጽሔቶች ስትሠራ ኖራለች። ክፍያው ትንሽ የሆነው ያ ሥራ እዚህ ላይ ከፈለ። የምትሠራውን የሚያውቁ፣ እጇን የሚያምኑ፣ በየመጽሔቱ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ማስታወቂያ ለማሠራት 10,000 ዶላር ምን ሊያደርግ ነበር?

ቀጥሎ የመጣው ነገር ዕድል ነው፤ ዕድል አይደለም ብዬ አላስመስልም። አንድ ግብዣ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ተዋወቀች። ምን እንደምትሠራ ስትጠይቃት ሴቲቱ በርግዶርፍ ጉድማን ለሚባለው ትልቅ የኒውዮርክ መደብር መዋቢያ የምትገዛ ሆና ተገኘች። ብራውን ስለ ሊፕስቲኮቿ ነገረቻት። በ1991 አሥሩ ሊፕስቲኮች "ቦቢ ብራውን ኢሴንሻልስ" በሚል ስም በመደብሩ ተደረደሩ። በወር 100 እንሸጣለን ብለው ገምተው ነበር። 100 የሸጡት በመጀመሪያው ቀን ነው።

ይህን "በአንድ ቀን 100" የሚለውን ታሪክ ሰው ሲያወራው የተአምር ድምፅ ይሰጠዋል። እኔ ወደ ግምቱ ነው የማየው። በወር 100! በእሷ ድርሻ 7.50 ሲታሰብ 750 ዶላር ነው፤ ያውም ከሸሪኮቿ ጋር የሚካፈሉት፣ ያውም መደብሩ የራሱን ትርፍ ሳይወስድ። እንግዲህ ሀብታም እሆናለሁ ብላ አልነበረም የገባችው። ባይሳካ የፍሪላንስ ሥራዋ አለ። ሊፕስቲኩን የጀመረችው በጎን ነው፤ ለሸቀጡ ብላ ሻንጣዋን አልጣለችም።

ከአሥር አለመብለጡም ቁም ነገር አለው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ቦታ፣ ገንዘብና ያለመሸጥ ሥጋት ይዞ ይመጣል። ሌላው ሜካፕ አርቲስት ፍራንሷ ናርስ በ1994 ባርኒስ መደብር ውስጥ ሲጀምር የያዘው 12 ሊፕስቲክ ነበር። በሊፕስቲክ መጀመራቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሊፕስቲክ የቆዳ ቀለም በትክክል መግጠም አይጠበቅበትም፤ የወደደችው ትገዛዋለች። ፋውንዴሽን እንዲህ አይደለም። ለአንዷ ልክ የሆነው ለሌላዋ ጭንብል ነው፤ ብዙ ቀለም ካልያዝሽ ግማሹን ደንበኛ "ለአንቺ የሚሆን የለኝም" ብለሽ ትመልሻለሽ። ብራውን ወደ ፋውንዴሽን የሄደችው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1992 ነው። ቢጫ መሠረት ያለው፣ እንደ ሊፕስቲክ በጠጣር ዘንግ መልክ የተሠራ። ለዓመታት በእጇ ስታደባልቀው የኖረችውን ነገር ነው ሸቀጥ ያደረገችው።

ይህ መንገድ ለሁሉም ይሠራል ማለቴ አይደለም። ሊፕስቲክ በስማቸው አሠርተው ካርቶኑ ቤታቸው ውስጥ የቀረ አርቲስቶች ታሪክ አይጻፍም። ደግሞ ሰዓት ያልሆነ ነገር ማለት የግድ ሸቀጥ ማለት አይደለም። ማስተማር አለ፤ በአንድ ሰዓት አንድ ፊት ከመሥራት በአንድ ሰዓት አሥር ሰው ራሱን እንዲሠራ ማሳየት። ረዳቶችን አሠልጥኖ በስም ማሠማራት አለ። መደብሮች ውስጥ የብራውን የሽያጭ ባንኮኒዎች የታወቁት ደንበኛዋ ራሷን እንድትሠራ በማስተማር እንደነበር ልብ በሉ።

1995

ሽያጩ ከተጀመረ አራት ዓመት አልፎታል። ኤስቴ ላውደር የተባለውን ትልቅ የመዋቢያ ኩባንያ ይመራ የነበረው ሊዮናርድ ላውደር ብራውንንና ሸሪኮቿን እራት ጋበዛቸው። ብራውን እንዳወራችው፣ በየመደብሩ እየበለጣችሁን ስለሆነ ልንገዛችሁ እንፈልጋለን አላቸው። እሷንም እናቴን ስትጀምር ታስታውሺኛለሽ አላት። ነገሩ ማባበያ ብቻ አልነበረም። እናቱ ኤስቴ ላውደርም ኬሚስት አጎቷ የሚሠራቸውን ክሬሞች እየሸጠች ነው የጀመረችው፤ ኩባንያው የተመሠረተው በ1946 ነው።

ሸጡ። በሰፊው የተዘገበው ዋጋ 74.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ብራውን የፈጠራ ሥራውን የመምራት ሥልጣን ይዛ ቀረች። ከ20 ዓመት በላይም እዚያው ሠራች። በ2012 ብራንዱ ከእናት ኩባንያው ሽያጭ 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ተናግራ ነበር።

ውሉ ውስጥ ግን አንዲት አንቀጽ ነበረች። ለ25 ዓመት በተመሳሳይ ሥራ ላለመወዳደር ተስማምታለች። ስትፈርም 38 ዓመቷ ነው። አንቀጿ ስታበቃ 63 ይሞላታል።

በ2016 መጨረሻ ከኩባንያው ወጣች። ገና አራት ዓመት ገደማ ይቀራል። በእጇ ያለው ሙያ ሜካፕ ነው፤ ሜካፕ ደግሞ መሸጥ አትችልም። የጤና አማካሪነት ተማረች። ከባሏ ጋር ሞንትክሌር ውስጥ ዘ ጆርጅ የተባለ ሆቴል ከፈተች። ጥቅምት 2020 ላይ ቀኑ ሞላ። በዚያው ወር ጆንስ ሮድ የተባለ አዲስ የመዋቢያ ብራንድ አወጣች፤ ሲጀመር በኢንተርኔት በቀጥታ ለገዢ ይሸጥ የነበረ። "ቦቢ ብራውን" የሚለው ስም የሌላ ንብረት ስለሆነ አዲሱ ሸቀጥ ላይ አላረፈም። ጆንስ ሮድ የሚለውን ያገኘችው ካርታ ላይ ካየችው የመንገድ ስም ነው።

ተታለለች ወይ? አይመስለኝም። ገዢ ትልቅ ገንዘብ ሲከፍል የሚገዛው ሊፕስቲክ ብቻ አይደለም፤ ስሙንና ደንበኛውን ነው። ሻጩ በማግስቱ ጎኑ ሌላ ሱቅ ከከፈተ ገዢው ባዶ ሣጥን ገዛ ማለት ነው። ሕጎችም በብዙ ቦታ በቢዝነስ ሽያጭ ላይ የሚገባን ያለመወዳደር ውል በተቀጣሪ ላይ ከሚጫነው ይልቅ በቀላሉ ያጸኑታል። ካሊፎርኒያን ውሰዱ። ተቀጣሪን የሚያስር እንዲህ ያለ ውል እዚያ ዋጋ የለውም፤ ቢዝነሱን የሸጠ ሰው ግን ይታሰርበታል። ቢሆንም 25 ዓመት ሙሉ የሙያ ዕድሜ ነው። ሕፃናት ልጆች ያሏት የ38 ዓመት ሴት 63 ዓመቴ ላይ መሥራት እፈልግ ይሆን ብላ ለመገመት እንደምትቸገር ግልጽ ነው። ዋጋው ላይ ከመደራደር በማይተናነስ ጉልበት ዓመቱ ላይ መደራደር ይቻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሚሊዮን ዶላር የሚያቀርብለት የሌለ አርቲስት "ይህ እኔን አይመለከትም" ሊል ይችላል። ትንንሽ ቅጂዎቹ ግን በየቀኑ ይፈረማሉ። አንድ የውበት ሳሎን ወንበር ይሰጥና ከወጣሽ በዚህ ከተማ ውስጥ አትሠሪም የሚል መስመር ያስገባል። ኤጀንሲ ያለ እኔ ምንም ሥራ አትቀበዪም ይላል፤ ኤጀንሲው ሥራ ባላመጣበት ወርም ጭምር። ፎቶግራፈር ምስሎቹን ያለ ፈቃዱ መለጠፍ ይከለክላል፤ ያኔ ፖርትፎሊዮው ባዶ ይሆናል። ሸሪክ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍታል። ሲለያዩ ገጹም፣ ተከታዩም፣ ስሙም ከእሱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ በእቅዱ ላይ ከዕቃ ዝርዝሩ ጎን አንድ ገጽ ለውል ይተው። የሥራው ስም የራስ ስም ነው ወይስ ሌላ? በራስ ስም መሥራት መተማመን ይፈጥራል፤ ሊሸጥ ቢፈለግ ግን ስምን መሸጥ ይመጣል። ገጹና የደንበኞች ስልክ ቁጥር በማን እጅ ነው? ክልከላ ካለ ለስንት ጊዜ፣ በየት አካባቢ፣ ለየትኛው ዓይነት ሥራ? "ሜካፕ ነክ ሥራ በሙሉ" የሚል ከሆነ "የሙሽራ ሜካፕ፣ በዚህ ሠፈር፣ ለስድስት ወር" ወደሚል ማጥበብ ይቻላል። ሥራ ያቋረጠው ሳሎኑ ወይም ኤጀንሲው ራሱ ከሆነስ ክልከላው ይቀራል? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ መልሷም ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መግባት አለበት።